ሳልሞኔላ ስሙን ከማን አገኘ? (የዶክተር ዳንኤል ሳልሞን አጭር የሕይወት ታሪክ)

ባለፈው ሰሞን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠይቀውን ነበር። ምግብን ከሚመርዙት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ሳልሞኔላ ስሙን ከየት እንዳገኘ የሚያውቅ አለ ወይ ነው ያሉን። ሳልሞን ከሚባለው ዓሣ ነው ለማለት እጃቸውን ካወጡት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ለካስ ሳልሞን የሰው ስም ኖሯል! ያውም የከብት ሐኪም። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ሳልሞኔላ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ቤታችን ውስጥ ሰው ታሞ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተቀምጬ ነውና።

እኔ የሰባተኛ ልጅ ነኝ። ሰባተኛ በአዲስ ከተማ ከመርካቶ ጋር ተያይዞ ያለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ሲሆኑ አንዱን ግቢ፣ አንዱን ቧንቧና አንዱን ወጥ ቤት ብዙ ቤተሰብ ይጋራዋል። የመርካቶ ልጅ የመሆን ጥቅሙ በዓመት በዓል ዋዜማ ነው፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ በርበሬው ሁሉ እዚያው ስለሆነ ሩቅ መሄድ የለም። ዶሮው እግሩን ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይመጣና ወጥ ቤት ጥግ ከሽንኩርቱ ጎን ያድራል። ከዚያ ይታረዳል፣ በፈላ ውሃ ይነጫል፣ ይለበለባል፣ ብልቱ ይወጣል፣ በሎሚና በጨው እየታሸ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል።

የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ ይኸው ሁሉ እንደ ወጉ ተደረገ። ጎረቤታችን ደግሞ አይብ ይዘውልን መጡ። እሑድን በደስታ ዋልን። ሰኞ ጠዋት ግን ታናሽ ወንድሜን ትኩሳትና ቁርጠት ያዘው፤ ከላይም ከታችም አጣደፈው። እኔንም ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ አያቴ ተከተሉ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የምግብ መመረዝ ነው ተባልን። ሳልሞኔላ ሊሆን እንደሚችልም ነግረውን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹህ ውሃ በጥብጠን እንድንጠጣ አዘዙን። ወንድሜ በአራተኛው ቀን ኳስ ፍለጋ ወጣ። አያቴ ግን ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልተነሡም፤ አንድ ሌሊትማ ይነጋላቸው ይሆን እያልን ነው ያደርነው።

እናቴ ጥፋቱን በአይቡ ላይ ጣለች። ለጎረቤታችን በቃል የተናገረችው ነገር የለም፤ ግን ቡና መጠራራቱ ቀረ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን እየኖርን ሰላምታው ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንገት በላይ ሆነ። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሳልሞንን ታሪክ እንዳገላብጥ የገፋፋኝ ይኸው ነው። ያገኘሁትን እነሆ ላካፍላችሁ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ልጅነቱ

ዳንኤል ኤልመር ሳልሞን የተወለደው በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር፣ ማውንት ኦሊቭ በምትባል ገጠራማ ቦታ ጁላይ 23 ቀን 1850 ነው። አባቱ ልጁ ገና ዳዴ ሳይል፣ በ1851 ሞተ። እናቱም በ1859 ተከተለችው። ስለዚህ ዳንኤል ዘጠኝ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው አባትም እናትም የሌለው ልጅ ሆነ። አንድ የሥጋ ዘመዱ ወስዶ አሳደገው። ጠዋት ማታ የእርሻ ሥራ ይሠራል፤ በሰፈሩ ሱቅም ተቀጥሮ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከብት ሲወልድም፣ ሲታመምም፣ ሲሞትም እያየ ነው ያደገው። ከብት የሞተበት ገበሬ ቤት ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም ማለት ነው።

የመጀመሪያ ደረጃውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተማረ፤ የሂሳብ አያያዝና የንግድ ትምህርትም ቀመሰ። በ1868 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ኢታካ ከተማ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባ።

አስተማሪው

እኛ ዕጩ መምህራን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ኮርኔል ሲከፈት ጄምስ ሎው የተባለ የስኮትላንድ ሰው የእንስሳት ሕክምና እንዲያስተምር ተቀጥሮ መጣ። በዚያ ዘመን የከብት ሐኪምነት በአሜሪካ ብዙም የተከበረ ሙያ አልነበረም። ፈረስ ጫማ የሚመታውም፣ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባዩም ሁሉ ራሱን ሐኪም ይል ነበር። ጄምስ ሎው ግን ትምህርቱ እንደ ሰው ሕክምና በጥብቅ እንዲሰጥ አደረገ። ሳልሞን በእርሱ ሥር ተማረ፤ ከትምህርቱ መጨረሻ ገደማም ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ታዋቂው የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተልኮ ጥቂት ጊዜ አሳለፈ። በ1872 የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ትዳር መሠረተ። በ1876 ደግሞ ኮርኔል በእንስሳት ሕክምና ዶክተር ብሎ ሠየመው። ይህም በአሜሪካ የተሰጠ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲግሪ ነበር።

ጊዜው ለሳይንስ ትልቅ ጊዜ ነው። በፈረንሳይ ሉዊ ፓስተር፣ በጀርመን ሮበርት ኮኽ በሽታ በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት እንደሚመጣ የሚያረጋግጡበት ወቅት ነበር። ኮኽ የአባ ሰንጋን መንስኤ ያሳወቀው ሳልሞን ዶክተር በተባለበት በዚያው በ1876 ነው።

ሳልሞን መጀመሪያ በኒው ጀርሲ ኒዋርክ ከተማ የግል ሕክምና ከፈተ። ጤናው ግን አልደላውም። አየሩ ይስማማኛል ብሎ በ1875 ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራራማ ከተማ ወደ አሽቪል ተዛወረ። በ1877 በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ሥራ የከብት በሽታዎችን ማጥናት ጀመረ።

መንግሥት ሲጠራው

በ1883 የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የእንስሳት ሕክምና ክፍል እንዲያቋቁም ሳልሞንን ወደ ዋሽንግተን ጠራው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1884፣ የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮ የተባለ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። የመጀመሪያው አለቃ እሱ ሆነ፤ ወንበሩንም ሃያ አንድ ዓመት ያህል ይዞት ቆየ።

የመጀመሪያው ጦርነቱ እኛ ሳምባ ከምንለው የከብት በሽታ ጋር ነበር። በሽታው አሜሪካ የገባው በ1843 ከመርከብ ላይ በተገዛች አንዲት ላም ነው ይባላል። አርባ ዓመት ሲዛመት ኖሯል። የሳልሞን ዘዴ ቀላልና ጨካኝ ነበር። የታመመው መንጋ ይታገዳል፤ የታመመውም የተጠረጠረውም ይታረዳል፤ ለባለቤቱ ካሳ ይከፈላል። ካሳ ባይኖር ኖሮ ገበሬው የታመመ ከብቱን በሌሊት ነድቶ ይሸጥ ነበርና ነገሩ ሁሉ ከንቱ በሆነ። በ1892 አሜሪካ ከሳምባ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

እስቲ በዚያው ዘመን አገራችን ምን ላይ እንደነበረች እናስታውስ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ አዳርሶ በሬ አሳጣ፤ እርሻ ጦም አደረ። ክፉ ቀን እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነገረው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ድረስ የዘለቀው ረሀብ በዚህ ላይ ነው የደረሰው። የከብት ሐኪም የሚባል ሰው አንድ አገር ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚያለያይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም።

ባክቴሪያው ሲገኝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካን ገበሬ እንቅልፍ የሚነሳው ሌላው በሽታ የአሳማ ኮሌራ ይባል ነበር። አሳማ ለብዙዎቻችን የሚበላ አይደለም፤ ታሪኩ ግን ከአሳማ ተነሥቶ እኛ ዶሮ ዘንድ ስለሚደርስ ታግሣችሁ ተከተሉኝ።

በ1884 ቲዮባልድ ስሚዝ የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት በሳልሞን ሥር ተቀጠረ። ስሚዝ ከጀርመን ተሰደው ከመጡ ወላጆች የተወለደ፣ ዝምተኛና ታታሪ ሰው ነበር። ሌት ተቀን አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። በ1885 በኮሌራ ከሞቱ አሳማዎች አካል ውስጥ አንድ እንደ በትር ያለ ባክቴሪያ አገኘ። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን አለቃው ሳልሞን ስለነበር ዝናው ወደ ሳልሞን አዘነበለ። ባክቴሪያው በኋላ ሳልሞኔላ ተባለ፤ የስሚዝ ስም በውስጡ የለም። የሳይንስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግኝቱ የስሚዝ መሆኑን ዛሬ በግልጽ ያስቀምጣሉ።

ሁለቱ ሰዎች በ1886 ሌላም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ያንን ባክቴሪያ በሙቀት ገድለው እርግቦችን ወጉበት። በኋላ ሕያው ባክቴሪያ ሲሰጣቸው የተወጉት እርግቦች አልሞቱም። የሞተ ጀርም ሕያው አካልን ከበሽታ ሊከላከል እንደሚችል በዚህ ታየ። ዛሬ ልጆቻችን ከሚወጓቸው ክትባቶች አንዳንዶቹ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ደግሞም ስሚዝና ኪልቦርን የተባለ የእንስሳት ሐኪም በዚሁ ቢሮ ውስጥ ሆነው የቴክሳስ ትኩሳት የተባለው የከብት በሽታ በመዥገር እንደሚተላለፍ በ1893 አሳተሙ። ሳልሞን ሰው መምረጥ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስሙን ያወጣው ሳልሞን ራሱ እንዳይመስላችሁ። በ1900 ጆሴፍ ሊኒዬር የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ነው የባክቴሪያውን ዘር በሳልሞን ስም እንዲጠራ ያደረገው።

ስሕተቱ

የሚያስገርመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1903 ከዚያው ከሳልሞን ቢሮ የወጡ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ደ ሽዋይኒትዝና ዶርሴት፣ የታመመ አሳማን ደም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉት። ከዚያ የተጣራውን ጤነኛ አሳማ ወጉበት። አሳማው ታመመ! እንግዲህ የአሳማ ኮሌራን የሚያመጣው ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፣ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነገር ነው። ሳልሞንና ስሚዝ ያገኙት ባክቴሪያ በሽታው ያዳከመው አሳማ ውስጥ ገብቶ የሚራባ ሆኖ ተገኘ።

ሳልሞን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የተሳሳተውን ሲወነጅል ኖረ ማለት ነው። ባክቴሪያው በበሽተኛው አካል ውስጥ ተገኘ፤ ቅርብ ስለነበረም ጥፋተኛ ተባለ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ንጹሕ አልነበረም። ያልሠራው ወንጀል ተለጠፈበት እንጂ የራሱ ወንጀል ሌላ ቦታ ነበረው። እሱም የሰው ማዕድ ላይ ነው።

ጤነኛ የሚመስለው እንስሳ

በ1888 በጀርመን አገር፣ ፍራንከንሃውዘን በምትባል ከተማ፣ አንዲት የታመመች ላም በችኮላ ታርዳ ሥጋዋ ተሸጠ። ከሃምሳ በላይ ሰዎች ታመሙ። ሥጋውን በጥሬው የበላ አንድ ወጣት ሞተ። ጌርትነር የተባለ ሐኪም ከላሟ ሥጋና ከሟቹ አካል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አወጣ። ይህም የሳልሞን ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነበር። የእንስሳ ሥጋና የምግብ መመረዝ በአንድ ገመድ መታሰራቸው ያኔ ታወቀ።

ዛሬ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ከ2500 በላይ እንደሆኑ ይታወቃል። እኛ ታይፎይድ የምንለውን የሚያመጣው ከእነርሱ አንዱ ሲሆን የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ግን ማደሪያቸው የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የግመልና የዶሮ አንጀት ነው። ከሁሉ የሚከፋው እንስሳው ብዙ ጊዜ አለመታመሙ ነው። በሬው ይበላል፣ ያመነዥካል፤ ዶሮዋም ትጭራለች፣ ትጥላለች። ላባዋ ያበራል፣ ዓይኗ ንቁ ነው። አንጀቷ ውስጥ ግን ባክቴሪያው አለ፤ በኩሷም ይወጣል፣ ሲያርዷትም ሥጋዋን ይነካል። እንዲያውም አንዱ ዓይነት እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳያበጅ ውስጡ ስለሚገባ ቅርፊቱ ንጹሕ ሆኖ አስኳሉ የተበከለ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የውጭ አገር ነገር ብቻ ነው እንዳይባል የራሳችንን ላንሣ። በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተመራማሪዎች ከ1997 እስከ 2002 በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ባወጡት ጥናት ሳልሞኔላን ለምግብ ከሚታረዱ እንስሳት፣ ከቄራ ሠራተኞችና በሱቅ ከሚሸጥ ሥጋ አግኝተዋል። ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ለምንወድ ሰዎች ይህ የሚያሳስብ ነው።

ባክቴሪያው ወደ ሆድ ከገባ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል። ጎልማሳው ሰው በ4 ወይም በ7 ቀን ውስጥ ራሱ ይድናል። ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ግን ሊገድል ይችላል። ጥቂቶች ሲሳሳቱ ብዙ ሰው እንደሚጎዳም በ1953 በስዊድን ታይቷል። ከአንድ ቄራ የወጣ ሥጋ 9000 ያህል ሰዎች ሲያሳምም 90 ያህሉ ሞተዋል።

የሥጋው ማኅተም

ወደ ሳልሞን እንመለስ። በ1880ዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት የአሜሪካ አሳማ ሥጋ ትል አለበት ብለው ከለከሉ። በ1890 እና በ1891 የሥጋ ምርመራ ሕጎች ወጡ፤ ሥራውም በሳልሞን ቢሮ ላይ ወደቀ። ቢሮው ሥጋውን በአጉሊ መነጽር የሚመረምሩ ሠራተኞች ቀጠረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ተመርምሮ ያለፈ ሥጋ ምልክት ይለጠፍበታል። ሥጋ ከመሸጡ በፊት የተማረ ሰው ይየው የሚለው ሐሳብ በአሜሪካ በሕግ የቆመው እንዲህ ነው።

መጨረሻው ግን አላማረም። በ1905 ሳልሞን የምርመራውን ወረቀት በሚያትመው ማተሚያ ቤት ውስጥ ድርሻ አለው ተብሎ ተከሰሰ። ጉዳዩ ተመረመረ፤ እሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1906 መጀመሪያ፣ አፕተን ሲንክሌር የተባለ ደራሲ የቺካጎን ቄራዎች ጉድ የሚያወጣ ልብ ወለድ አሳተመ። ሕዝቡ ተቆጣ። በጁን ወር 1906 የሥጋ ምርመራው ሕግ ከበፊቱ እጅግ ጠንክሮ ወጣ። ሳልሞን ግን ያኔ ከወንበሩ ወርዷል።

ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ አላማረረም። ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ዩራጓይ ሄዶ በዋና ከተማዋ በሞንቴቪዴዮ የእንስሳት ሕክምናን ትምህርት አምስት ዓመት ያህል መራ። የአለቃነቱን ወንበር ሲያጣ ወደ መምህርነት መመለሱ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚያኮራ ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1913 ሞንታና ክፍለ ሀገር፣ ቢዩት ከተማ ገባ። እዚያ የሚሠራው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የአሳማ ኮሌራ መከላከያ ማምረት! በልጅነት ጉልበቱ ምክንያቱን የሳተውን በሽታ በስተርጅናው በትክክለኛው መንገድ ሲዋጋው ነበር። በኦገስት 30 ቀን 1914 በሳምባ ምች አረፈ። 64 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በዋሽንግተን ከተማ ነው።

ወደ ሰባተኛ ስመለስ

ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ከሁሉ ይልቅ ያሰበኝ ያ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ቅርብ የተገኘውን ጥፋተኛ ማድረግ! እኛስ ያንን አላደረግንም ወይ? ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛ ሄጄ እናቴን አስቀመጥኳትና ያን የፋሲካ እሑድ ማን ምን እንደበላ እየጠየቅሁ በደብተሬ ጻፍኩ።

ዶሮ ወጡን ሁላችንም በልተናል። ወጡ ሰዓታት ሲንተከተክ ያደረ ነው፤ እንቁላሉም እስኪጠነክር የተቀቀለ ነው። አይቡን እናቴም፣ አጎቴም፣ የአጎቴ ልጆችም በልተዋል፤ አንዳቸውም አልታመሙም። የታመምነው ወንድሜ፣ አያቴና እኔ ነን። ሦስታችንም የበላነው ሌሎቹ ያልቀመሱት ነገር ሰላጣው ነበር። ቅዳሜ ማታ ዶሮው ብልቱ ከወጣ በኋላ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው መክተፊያ ላይ የከተፈው ማን ነው? እኔ ነኝ። መክተፊያውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌው ነበር፤ ሳሙና አልነካውም። ሰላጣውም ተከድኖ እስከ እሑድ ቀትር ድረስ ጠረጴዛ ላይ አደረ።

በዚያን ጊዜ የላቦራቶሪ ምርመራ ስላልተደረገ ያ በሽታ ሳልሞኔላ ነው ብዬ በእርግጠኝነት አልምልም። የደብተሬ ቁጥር ግን ወደ አይቡ አይጠቁምም፤ ወደ እጄ ነው የሚጠቁመው። ለእናቴ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ወረቀቱን አየች። እሑድ ቡና ስታፈላ ጎረቤታችንን ጠርቼ እንድመጣ ላከችኝ። እሳቸውም ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። ስለ ሰላጣው ራሴ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው።

ውድ አንባቢዎች፣ ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ይህን ለልጆች ማስተማር የእኛ ፋንታ ነው። ልጅ የተማረውን ለእናቱ ይነግራልና ትምህርቱ ወጥ ቤት ይደርሳል። ባጭሩ የሚከተለውን ብናስተምር ይበቃል፦

1ኛ/ ጥሬ ሥጋና ዶሮ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ሌላ ነገር አይከተፍበት። ቢቻል ለሰላጣ የተለየ መክተፊያ ይኑር። ሎሚና ጨው ሽታ ያስወግዳሉ እንጂ ባክቴሪያውን ይገድላሉ ተብለው አይታመኑም።

2ኛ/ ዶሮ ሲታጠብ ውሃው ወዲያ ወዲህ እንዳይረጭ፣ ሣህኖችና አትክልት ከአጠገቡ ይራቁ። ዶሮ ያጠበ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ ዶሮና እንቁላል ውስጡ ድረስ ይብሰል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የምግቡ ውስጠኛ ክፍል 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ማቀዝቀዣ ባክቴሪያውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

4ኛ/ የተሠራ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ አይቀመጥ። ካደረም በደንብ ይሙቅ።

5ኛ/ ዶሮ ከሰው ምግብ ጋር በአንድ ክፍል አይደር። ዶሮ የነካ ልጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

6ኛ/ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ከሆነ፣ ወይም ደም ካለው፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። በራስ ፈቃድ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ጀርሙን መድኃኒት ያላምደዋል።

ዳንኤል ሳልሞን ወላጅ አልባ የገበሬ ቤት ልጅ ሆኖ ተነሣ፤ ጥሩ አስተማሪ አገኘ፤ ብዙ ሠራ፤ በአንድ ትልቅ ነገርም ተሳሳተ። ስሙ የቀረው ሌላ ሰው ባገኘው ባክቴሪያ ላይ ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ስሙን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ዓሣው አይደለም። ሳሙና ያልነካው መክተፊያና ሦስት ዓመት የተቋረጠው የጎረቤት ቡና ነው።

ከአንዲት ዕጩ መምህርት